ዕዳን ስለ መክፈል

ወደ ቅድስት አገራችን የገባ ቤተሰብ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ወረቀት ይፈርማል። የባንክ ሒሳብ ሲከፍት ይፈርማል፤ ካርቲስ አሽራይ ሲቀበል ይፈርማል፤ ማቀዝቀዣና አልጋ በየወሩ በሚከፈል ታሽሉሚም ሲገዛ ይፈርማል፤ ዘመዱ ብድር ሲወስድ ዋስ ሆኖ ይፈርማል፤ ቤት ለመግዛት ማሽካንታ ሲወስድ ደግሞ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ይፈርማል። ከእነዚህ ወረቀቶች እያንዳንዱ ቃል ኪዳን ነው። የተጻፈበት ቋንቋ ገና ያልለመድነው ዕብራይስጥ ቢሆንም፣ ቃሉ የእኛ ቃል፣ ስሙም የእኛ ስም ነው።

ዕዳ እንዴት እንደሚከፈል ምክር መስጠት ተገቢ ነው፤ እኛም ወደዚያው እንመጣለን። ከምክሩ አስቀድመን ግን አንድ የሕሊና ጥያቄ ልናነሣ እንወዳለን። ይኸውም፦ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው ለምንድን ነው? ሕግ ስለሚያስገድደው ነውን? ወይስ የሚያስገድደው ባይኖርም መክፈል አለበት?

በአገር ቤት ሳለን ይህ ጥያቄ ብዙም አይነሣም ነበር። አበዳሪና ተበዳሪ ተዋውቀው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩና። አባቶቻችን ርስት ተነፍገው በሰው መሬት ላይ በጭሰኝነት ያርሱ፣ ብረትም ይቀጠቅጡ፣ እናቶቻችንም ሸክላ ይሠሩ ነበር። ቀጥቃጩ ማረሻና ማጭድ ሠርቶ ለገበሬው ይሰጥና ዋጋውን በእህል ለመቀበል ብዙ ጊዜ እስከ አዝመራ ይታገሥ ነበር። ገበሬው ቃሉን ቢያጥፍ በሚመጣው ክረምት ማረሻውን ማን ይሠራለታል? በየገበያው የሚያገኘውን ሰው በምን ዓይን ያየዋል? «ብድር በምድር» የሚለው የአበው ቃል ትርጉሙ ለሁሉም ግልጽ ነበር።

በዚህ አገር ግን አበዳሪው ፊት የለውም። ቁጥር ነው፤ ደብዳቤ ነው፤ በግድግዳ ላይ የተተከለ መኪና ነው። ከዚህም የተነሣ በአንዳንዶች ልብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሐሳብ ይገባል፦ ባንኩ ሀብታም ነው፤ እኔ ድሃ ነኝ፤ እርሱ ወለድ ይወስዳል፤ ባልከፍለው ማንን በደልሁ? ይህ ሐሳብ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። በችግር ውስጥ ካለ ሰው ልብ የሚወጣ ነውና መልስ ይገባዋል።

ትእዛዙ በማን ላይ ነው?

ቅድስት ኦሪት ስለ ብድር ስትናገር በመጀመሪያ የምታዝዘው አበዳሪውን ነው። ለተቸገረ ወንድሙ እንዲያበድር ታዝዘዋለች፤ አራጣ እንዳይወስድበት ትከለክለዋለች። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 እንደ ተጻፈው፣ አበዳሪ መያዣ ለመውሰድ ወደ ተበዳሪው ቤት መግባት አይፈቀድለትም፤ በውጭ ቆሞ ይጠብቃል፤ ድሃው የሚለብሰውን ልብስ በመያዣነት ቢወስድም ፀሐይ ስትጠልቅ ይመልስለታል። ታላቁ ሊቅ ራምባም ይህን ሕግ ሲያብራራ፣ ተበዳሪው የሚከፍለው እንደሌለው እያወቀ አበዳሪው ሊያሳፍረው በፊቱ ማለፍ እንኳ እንደማይገባው ያስተምራል። ድሃ በዕዳው ምክንያት ክብሩን እንዲያጣ እግዚአብሔር አይፈቅድም።

ራምባም ግን በዚያው ቦታ ፊቱን ወደ ተበዳሪው ያዞራል። አበዳሪው እንዳያስጨንቅ እንደ ተከለከለ ሁሉ፣ ተበዳሪውም ገንዘብ እያለው ዛሬ ነገ እያለ አበዳሪውን ማመላለስ ተከልክሏል። ከዚህም አልፎ፣ የተበደረውን ገንዘብ ያለ አስፈላጊ ነገር አባክኖ አበዳሪው የሚሰበስበው እስኪያጣ ድረስ ማጥፋት ክልክል ነው፤ አበዳሪው እጅግ ሀብታም ቢሆንም እንኳ። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተጻፈው ይህ የመጨረሻ ነጥብ ስለ ሀብታሙ ባንክ ላነሣነው ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

በ4ኛው መቶ ዓመት በባቢሎን የነበረው የታልሙድ ሊቅ ራቭ ፓፓ ዕዳን መክፈል ሚጽዋ፣ ማለትም የእግዚአብሔር ትእዛዝ መሆኑን ተናግሯል። ይህን ነገር አስተውሉ። ሚጽዋ ከሆነ ትእዛዙ የተጣለው በተበዳሪው ላይ ነው። ቴፊሊን የሚያስር ሰው ጎረቤቱ ደግ ነው ወይስ ክፉ ብሎ አይጠይቅም፤ ሰንበትን የሚያከብርም አሠሪው ይገባዋል ወይ ብሎ አያከብርም። እንዲሁም ዕዳውን የሚከፍል ሰው አበዳሪው ድሃ ነው ወይስ ሀብታም፣ ወዳጅ ነው ወይስ ባዕድ በማለት ትእዛዙን አይመዝንም። የሚጠብቀው የራሱን ቃል ነው።

በተጨማሪም በባንክ ያለው ገንዘብ የባንኩ ባለቤቶች ብቻ አይደለም። የጡረተኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለሠርጉ የሚቆጥበው ወጣት ገንዘብ በውስጡ አለ። ፊቱ አይታየን እንጂ አበዳሪው ሰው ነው።

በአባቶች ትምህርት፣ ማለትም በፒርቄ አቮት ውስጥ፣ ረባን ዮሐናን ቤን ዘካይ ሰው ሊይዘው የሚገባው መልካም መንገድና ሊርቀው የሚገባው ክፉ መንገድ የትኛው እንደ ሆነ ደቀ መዛሙርቱን ጠየቀ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ራቢ ሽምዖን መልካሙ መንገድ የሚመጣውን አስቀድሞ ማየት እንደ ሆነ መለሰ፤ ክፉው መንገድ ደግሞ ተበድሮ አለመክፈል ነው አለ። ሁለቱ መልሶች በመጀመሪያ ሲታዩ የማይገናኙ ይመስላሉ። ነገር ግን ሊቁ ያስተማረው ታላቅ ነገር ነው። ተበድሮ የማይከፍል ሰው ብዙውን ጊዜ ሌባ አይደለም፤ ሲበደር የመክፈያውን ቀን ያላየ ሰው ነው። ዛሬን አየ፤ ነገን አላየም። ስለዚህ ዕዳን የመክፈል ሥራ የሚጀምረው ከመክፈያው ቀን ሳይሆን ከመፈረሚያው ቀን ነው።

ከኦሪት የሚነሡ ሁለት ጥያቄዎች

ኦሪትን ከልጅነታቸው ጀምሮ ከቄሶቻችን አፍ የሰሙ ሽማግሌዎች ሁለት ጥያቄዎች ይጠይቃሉ፤ መጠየቃቸውም ትክክል ነው።

የመጀመሪያው፦ ኦሪት በወንድማማች መካከል አራጣን ከከለከለች፣ የእስራኤል ባንክ እንዴት ወለድ ይቀበላል? ሊቃውንት ለዚህ ሄተር ዒስካ የተባለ ሰነድ አዘጋጅተዋል። በዚህ ሰነድ መሠረት ከተሰጠው ገንዘብ ከፊሉ እንደ ንግድ ሽርክና ይቆጠራል፤ ባንኩ የሚቀበለውም ጭማሪ የሽርክና ትርፍ እንጂ የብድር ወለድ አይሆንም። በእስራኤል ያሉ ባንኮች ይህን ሰነድ ፈርመዋል። ነገር ግን ይህ ፈቃድ ሰነዱ በሌለበት አይሠራም። ጎረቤት ለጎረቤት አበድሮ ጥቂት ጭማሪ እንኳ ቢቀበል በሪቢት ይወድቃል፤ በዚህም አበዳሪው ብቻ ሳይሆን ተበዳሪው፣ ዋሱና ምስክሮቹም ይበድላሉ። በእቁብ ውስጥም እያንዳንዱ ያስገባውን ያህል በተራው ቢወስድ አንድ ነገር ነው፤ ተራው በዋጋ ሲሸጥ ግን የሪቢት ጥያቄ ስለሚያስነሣ ከመጀመራችሁ በፊት ራባይ ጠይቁ።

ሁለተኛው፦ ኦሪት በሰባተኛው ዓመት፣ በሽሚታ፣ ዕዳ እንዲተው አታዝዝምን? አዎን፣ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 ታዝዛለች። ያለፈው የሽሚታ ዓመት 5782 (እ.ኤ.አ. 2021–2022) ነበር፤ የሚመጣውም 5789 (እ.ኤ.አ. 2028–2029) ነው። ነገር ግን በሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን ሂሌል ሽማግሌው ሽሚታ ሲቃረብ ሰዎች ለድሃ ማበደር እንደ ተዉ ተመለከተ። ኦሪት ይህን እንዳያደርጉ አስጠንቅቃ ነበርና፣ ሂሌል ፕሮዝቡል የተባለውን ሥርዓት አወጣ፤ በዚህም አበዳሪው ዕዳውን ለፍርድ ቤት ስለሚያስረክብ ብድሩ በሽሚታ አይሰረዝም። ሂሌል ይህን ያደረገው ለሀብታሙ ብሎ ብቻ አልነበረም፤ ነገ ብድር የሚፈልገው ድሃ በሩ እንዳይዘጋበት ነው። ደግሞም ሚሽና፣ ሽሚታ ያለፈበትን ዕዳ ሳይገደድ የሚመልስ ሰው ሊቃውንትን ደስ እንደሚያሰኝ ታስተምራለች። ስለዚህ የማይከፍል ሰው ከእርሱ በኋላ በሚመጣው ችግረኛ ላይ በሩን ይዘጋል፤ የሚከፍል ሰው ግን ለማያውቀው ድሃ በሩን ይከፍታል።

ነቢዩ ኤልሳዕ ያሳየው መንገድ

ዕዳ እንዴት እንደሚከፈል ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 ያለው የመበለቲቱ ታሪክ ነው። የሞተው ባሏ ከነቢያት ደቀ መዛሙርት አንዱ ነበረ። ሊቃውንት አብድዩ እንደ ነበረ ይናገራሉ፤ ነቢያትን ከግድያ ሸሽጎ ሲመግብ በዕዳ ውስጥ እንደ ገባም ይተርካሉ። ባለዕዳው ግን ለዚህ ደንታ አልነበረውም፤ ሁለቱን ልጆች ባሪያ አድርጎ ሊወስዳቸው መጣ። እርስዋም ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ጮኸች።

ከዚህ ታሪክ አምስት ነገሮችን እንማራለን።

አንደኛ፣ ሴቲቱ ዕዳዋን አልደበቀችም። የጻድቅ ሰው ሚስት ነበረች፤ ሊያሳፍራት ይችል ነበር። ነገር ግን ልጆቿ ከመወሰዳቸው በፊት ተናገረች።

ሁለተኛ፣ ነቢዩ በመጀመሪያ የጠየቃት በቤቷ ያለውን ነው። የጎደላትን አልቆጠረም። እርስዋም ከአንድ የዘይት ማሰሮ በቀር ምንም እንደሌላት ነገረችው። ጥቂቱ ዘይት የመፍትሔው መጀመሪያ ሆነ።

ሦስተኛ፣ ከጎረቤቶቿ እንድትዋስ ያዘዛት ባዶ ዕቃ ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም። ዕዳን በዕዳ እንድትከፍል አላደረጋትም። የጎረቤት እርዳታ መልካም ነው፤ የሚረዳን ግን የራሳችንን ሥራ እንድንሠራ የሚያስችለን እርዳታ ነው።

አራተኛ፣ በሩን ዘግታ ከልጆቿ ጋር ሠራች። ልጆቹ ዕቃ አቀበሉ። የቤት ጉዳይ በአደባባይ አልተዘራም፤ በቤት ውስጥ ግን ከማንም አልተሰወረም።

አምስተኛና ዋነኛው ይህ ነው። ታምራት ከተደረገ በኋላ ነቢዩ ዕዳው ተሰርዟል አላላትም። ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በቀረውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር አዘዛት። ባለዕዳው ጨካኝ ነበር፤ ዕዳው ግን እውነተኛ ነበርና ተከፈለ። መክፈሉ ይቀድማል፤ መኖሩም ይቀራል። ከፍሎ የማይኖር ወይም እየኖረ የማይከፍል ሰው የነቢዩን ትእዛዝ በግማሽ የፈጸመ ነው።

በዚህ ዘመን ማንም መጥቶ ልጅ አይወስድም። ሆኖም ዕዳ ዛሬም ልጆችን ይወስዳል። የወላጆቹን ጭንቀት አይቶ ትምህርቱን ትቶ ወደ ሥራ የሚወጣ ወጣት በዕዳ የተወሰደ ልጅ ነው። የባንኩን ደብዳቤ ለአባቱና ለእናቱ እየተረጐመ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅም እንዲሁ። ልጅ ዕቃ ያቀብል፤ ሸክሙን ግን አይሸከም። ደብዳቤ የሚያስተረጕም አዋቂ ሰው፣ ከማኅበራዊ ሠራተኛም ሆነ ከአስታራቂ፣ ፈልጉ።

በቤት ውስጥ የሚሠራ ሒሳብ

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ዕዳን በራስ ለመክፈል መማር ወይም ሀብት አያስፈልግም፤ ደብተር፣ እርሳስና እውነት ያስፈልጋሉ።

በመጀመሪያ ዕዳችሁን ሁሉ ጻፉ። ለማን፣ ስንት፣ ወለዱ በመቶ ስንት፣ መቼ የሚያልቅ። የእስራኤል ባንክ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የእያንዳንዱን ሰው የብድር መረጃ የሚይዝ መዝገብ አለው፤ ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን በዓመት አንድ ጊዜ በነፃ ጠይቆ መቀበል ይችላል። ከጎረቤት የተበደራችሁትን፣ ያልተከፈለ አርኖና፣ የመብራትና የውኃ ሒሳብ ደግሞ በእጃችሁ ጨምሩበት። ሊቃውንት ያለ ምስክርና ያለ ጽሑፍ ማበደርን ከልክለዋል፤ ለታመነ ሰው እንኳ ቢሆን። ሰው ሊረሳ ይችላልና። ስለዚህ ከዘመድ የተበደራችሁትንም መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ሐላኻ ነው።

ቀጥሎ የሚገባውንና የሚወጣውን ጻፉ። በደመወዝ ወረቀታችሁ በቱሉሽ ላይ ካሉት ሁለት ድምሮች የምትኖሩበት ኔቶ የተባለው ነው እንጂ ብሩቶ አይደለም። በተለይ ከመርካዝ ክሊታ ወጥታችሁ ወደ ቋሚ ቤት ስትገቡ ከዚያ በፊት ያልነበሩ ወጪዎች በአንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ አርኖና፣ የሕንፃው ቫዓድ ባይት፣ ማሽካንታ ወይም ኪራይ። ለአዲስ መጤ የአርኖና ቅናሽ ስላለ ከከተማው አስተዳደር ጠይቁ፤ ሳይጠየቅ ላይሰጥ ይችላል።

በሦስተኛ ደረጃ የአከፋፈሉን ቅደም ተከተል ወስኑ። ጣሪያ፣ ምግብ፣ መብራትና ውኃ ይቀድማሉ። ከዚያ በኋላ ለሁሉም አበዳሪዎች የተስማማችሁትን የወር ክፍያ ክፈሉ፤ የምታተርፉትን ተጨማሪ ገንዘብ ደግሞ ወለዱ ከፍ ባለው ዕዳ ላይ ጣሉ። ለምን እንደ ሆነ በምሳሌ እንመልከት። አንድ ቤተሰብ 12,000 ሼኬል ዕዳ አለበት፤ ወለዱም በዓመት ከመቶ 12፣ ማለትም በወር ከመቶ 1 ነው እንበል። በመጀመሪያው ወር ወለዱ 120 ሼኬል ነው። ቤተሰቡ በወር 200 ሼኬል ቢከፍል፣ ከዕዳው የሚቀነሰው 80 ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ዕዳው የሚያልቀው በ92 ወር ገደማ፣ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ ነው፤ የተከፈለውም በድምሩ 18,400 ሼኬል ያህል ይሆናል። ያው ቤተሰብ በወር 400 ሼኬል ቢከፍል ግን በ36 ወር ይጨርሳል፤ ድምሩም 14,300 ያህል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የ4,000 ሼኬል ልዩነት የልጆች ጫማና የሰንበት ምግብ ነው።

ስለ ሚኑስም ልብ በሉ። ባንኩ የፈቀደው ሚስጌሬት በሒሳባችሁ ወረቀት ላይ ስለሚታይ የእናንተ ገንዘብ ይመስላል፤ ነገር ግን ወለድ የሚወለድበት ብድር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በእስራኤል ባንክ መመሪያ መሠረት ባንኮች ከተፈቀደው ሚስጌሬት በላይ እንዲያወጡ አይፈቀድላቸውም፤ ስለዚህ መጠኑ ሲያልፍ ቼክና ሆራአት ኬቫ ይመለሳሉ። በ1981 በወጣው ሕግ መሠረት በ12 ወር ውስጥ 10 ቼኮች ስንቅ አጥተው የተመለሱበት ሒሳብ ለአንድ ዓመት ሊታገድ ይችላል። ካርቲስ አሽራይም በየወሩ ጥቂት ብቻ የምትከፍሉበት ዓይነት ከሆነ፣ የቀረው ሁሉ በወለድ እየተጠራቀመ መሆኑን አስታውሱ።

በመጨረሻም፣ ቀኑ ሳያልፍ ሂዱና ተነጋገሩ። ለዚህ ወር የሚበቃ የላችሁምና አበዳሪው ክፍያውን እንዲያራዝም ወይም እንዲከፋፍል ጠይቁ፤ የተስማማችሁትንም በጽሑፍ ተቀበሉ። አስቀድሞ የሚመጣ ተበዳሪ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው። ከባንክ ወይም ከሆጻአ ላፖዓል የመጣ ደብዳቤ በመሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ አይሞትም፤ ይወልዳል። በላዩ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ አንብቡት፤ አስነብቡትም።

ይሉኝታና ክብር

ሒሳቡን ያወቀ ሰው ሁሉ ለምን አይከፍልም? በእኛ ማኅበር ዘንድ ከድህነት ይልቅ የሚያግደው ይሉኝታ ነው። ሠርጉ ከጎረቤት ሠርግ እንዳያንስ፣ ለቅሶው እንዳይነቀፍ፣ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ያለው ዘመድ ተረሳሁ እንዳይል በማለት ሰው ከሚኑስ አውጥቶ ይሰጣል። ልቡ መልካም ነው። ጥያቄው ግን የሚሰጠው የማንን ነው የሚል ነው።

ታልሙድ እንደሚተርከው፣ በአንድ ዘመን የቀብር ወጪ እጅግ ከመክበዱ የተነሣ የሟች ዘመዶች ሬሳውን ትተው እስከ መሸሽ ደርሰው ነበር። በዚያን ጊዜ የሕዝቡ አለቃ የነበረው ረባን ጋምሊኤል እርሱ ሲሞት በተራ የተልባ እግር ልብስ እንዲቀብሩት አዘዘ። ከእርሱ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ይህን ልማድ ተከተለ። ሀብታሙ ራሱን ዝቅ ስላደረገ ድሃው ከኀፍረት ዳነ። በመሆኑም ይህ ቃል በተለይ ለሽማግሌዎቻችንና ለደኅና ኑሮ ለደረሱት ነው፤ ድግሱን የምታሳንሱ እናንተ ብትሆኑ ከእናንተ በኋላ የሚድር ድሃ ነፃ ይወጣል።

ጽዳቃን በተመለከተ፣ ድሃ እንኳ ጥቂት እንዲሰጥ ይጠበቃል። ነገር ግን የሰው ገንዘብ በእጁ እያለ በሰፊው የሚለግስ ሰው የራሱን አልሰጠም። በኢትዮጵያ ያሉትን እናትና አባት፣ እኅትና ወንድም መርዳትም ታላቅ ነገር ነው፤ ወላጅን ማክበር ከአሥርቱ ቃላት አንዱ ነውና። ስለዚህ የሚላከውን ገንዘብ በደብተራችሁ እንደ ሌላው ግዴታ ጻፉት፤ ልትሸከሙት የምትችሉትን መጠን ወስኑ፤ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ እውነቱን ንገሩ። በዚያ ያሉት ወገኖቻችን በእስራኤል ገንዘብ በዛፍ ላይ እንደማይበቅል የሚያውቁት እኛ ስንነግራቸው ብቻ ነው። ከሚኑስ ተወስዶ የሚላክ መቶ ሼኬል ከመቶ በላይ የሚያስከፍል ነው፤ ይህንንም በሚመጣው ወር የሚከፍሉት ልጆቻችሁ ናቸው።

ስለ ዋስነትም እንዲሁ። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ ለሰው ዋስ የሆነ ሰው በራሱ አንደበት እንደ ተጠመደ ይቆጥረዋል፤ እንቅልፍ ሳይተኛ ራሱን እንዲያድንም ይመክረዋል። ዋስ፣ በዕብራይስጥ ዓሬቭ፣ ማለት ለጨዋነት የሚፈርም ምስክር አይደለም፤ ተበዳሪው ካልከፈለ የሚከፍለው እርሱ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን ዕዳ እኔ ብቻዬን ብከፍለው ቤቴ ይቆማልን? መልሱ አይደለም ከሆነ፣ በትሕትና እምቢ ማለት ከዘመዳችሁ ጋር ነገ ከመጣላት ይሻላል።

መክፈል የማይችል ሰው

ደክሞ ሠርቶ፣ ወጪውን ቀንሶ፣ ተነጋግሮም መክፈል ያልቻለ ሰው አለ። በሽታ፣ የሥራ ማጣት፣ የባልና ሚስት መለያየት፣ እንደ ተባለው «ዕዳ ከሜዳ» ይመጣሉ። እንዲህ ያለው ሰው ኃጢአተኛ አይደለም። ሹልሐን ዓሩኽ የተባለው የሕግ መጽሐፍ አበዳሪ ንብረት ሲሰበስብ ለተበዳሪው የ30 ቀን ምግብ፣ የ12 ወር ልብስ፣ አልጋው፣ ቴፊሊኑና የእጅ ሥራ መሣሪያው እንዲተውለት ያዝዛል። ሰውየው ነገ ሠርቶ እንዲቆም፣ ጸሎቱንም እንዳያቋርጥ ነው።

የመንግሥት ሕግም ይህን መንገድ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ ከመስከረም 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ መክፈል የማይችል ሰው በአቅሙ እየከፈለ፣ ብዙውን ጊዜ ለሦስት ዓመት፣ ከዚያም ከቀረው ነፃ እንዲወጣ ይፈቅዳል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ከፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ እርዳታ ክፍል፣ ከሲዩዓ ሚሽፓቲ፣ ጠበቃ ሊጠይቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው ፓዓሞኒም የተባለው ማኅበርም ቤተሰብን በሒሳብ አያያዝ የሚመሩ በጎ ፈቃደኞች አሉት። በየአካባቢያችሁ ያለ ወለድ የሚያበድር ግማሕ ካለ ከባንክ ከፍ ያለ ወለድ ይልቅ እርሱን ጠይቁ። ዕዳህን በአንድ ቀን አጠፋልሃለሁ ብሎ አስቀድሞ ክፍያ ከሚጠይቅ ሰውና ከሕግ ውጭ በመንገድ ከሚያበድር ሰው ግን ራቁ፤ ከመጀመሪያው ዕዳ የሚከፋ ዕዳ ያመጣሉና።

በሕግ ነፃ የወጣ ሰውም ከኪሱ አውጥቶ ያበደረውን ጎረቤቱን በተመለከተ ሕሊናውንና ራባዩን ይጠይቅ። የፍርድ ቤት ወረቀት ከአስገዳጅ ያድናል፤ ሕሊናን ግን ሁልጊዜ አያሳርፍም።

ውድ ወገኖቻችን፣ አባቶቻችን ከግብፅ ባርነት ወጥተው ለእግዚአብሔር ብቻ እንዲገዙ ተጠሩ። ጠቢቡ ሰሎሞንም ተበዳሪ ለአበዳሪው ባሪያ እንደሚሆን አስጠንቅቋል። እኛም ረዥም መንገድ ተጕዘን ወደዚህ አገር የገባነው ነፃ ሰዎች ሆነን ትእዛዛቱን ልንፈጽም ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀመጡ፤ ደብተሩን ክፈቱ፤ በቤታችሁ ያለውን ቍጠሩ፤ የምትከፍሉትን ጻፉ። የሚወጣው ቁጥር የሚያስፈራ ቢሆንም እውነት ነው፤ ያወቃችሁትንም ዕዳ ልትከፍሉት ትችላላችሁ።

የመበለቲቱን ጥቂት ዘይት የባረከ አምላክ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፤ ከፍላችሁም በቀረው ከልጆቻችሁ ጋር በሰላም እንድትኖሩ ይርዳችሁ። አሜን።